ሌላ ገዢ መጥቷል

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህም እውነት በመሆኑ፣ ስምህን ሊወስዱብህ ነው የተባለ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ገንዘብህን ሊወስዱብህ ነው ቢሉት ኪሱን ይዳስሳል፤ ስምህን ሊወስዱብህ ነው ቢሉት ግን የሚዳስሰው ነገር የለውምና የሚያደርገው ይጠፋዋል። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም «የድረ ገጻችሁን ስም ሌላ ሰው ሊወስደው ነውና ቶሎ ክፈሉ» እያሉ በኢሜይል ስለሚመጡት የማታለያ ደብዳቤዎች ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። እነዚህን ደብዳቤዎች ለይቶ ማወቅ የሚያስቸግር ነገር አይደለም፤ ካወቋቸውም በኋላ የሚገባቸው መልስ ሳቅ ብቻ ነው። ነገር ግን ሳቁ በደብዳቤው ላይ እንጂ በተታለለው ሰው ላይ መሆን የለበትም። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ውድ አንባቢዎቼ እስከ መጨረሻው ቢከተሉኝ ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ፣ የኢንተርኔት ስም ወይም ዶሜይን የሚባለው ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ወላጆቻችን ጥቂት ላስረዳ። በመርካቶ አንድ ሱቅ የሚገኝበት ተራና ቁጥር እንዳለው ሁሉ፣ ድረ ገጽም የሚገኝበት ስም አለው። በስሙ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ቅጥያ ሰፈሩን እንደሚያመለክት ያህል ነው። ነጥብ ኮም የሚለው ለንግድ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ነጥብ ኢቲ የኢትዮጵያ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ነጥብ ሲኤን የቻይና፣ ነጥብ ኤችኬ የሆንግ ኮንግ ነው። ስሙን አንድ መዝጋቢ ድርጅት ዘንድ ሄደው ለአንድ ወይም ለጥቂት ዓመታት ያስመዘግቡታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ያሳድሱታል። እንግዲህ እንደ ቤት ኪራይ ነው እንጂ ለዘለዓለም ገዝተው የሚያስቀምጡት ዕቃ አይደለም። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ይህን ሁሉ በልጅነታቸው ያልተማሩ ሰዎች ግራ ቢጋቡ አያስደንቅም። አታላዩም የሚጠቀመው በዚሁ ግራ መጋባት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። አክስቴ በመርካቶ ከበርበሬ በረንዳ ብዙም ሳይርቅ የባልትና ሱቅ አላቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ይህን የመሳሰለውን ይሸጣሉ። ደንበኞቻቸው ቀድሞ የሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን የብዙው ደንበኛ ልጅ በውጭ አገር ስለሚኖር፣ ከዚያ ሆነው የሚያዝዙ አሉ። ለእነርሱ እንዲመች ብዬ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ሠራሁላቸው፤ የሱቁንም ስም በነጥብ ኮም አስመዘገብሁት። የስሙ ክፍያ በዓመት ከአሥር ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ እርሱንም በአሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በባንክ ካርዱ ይከፍላል። ለድረ ገጹ የሚላክ ኢሜይል የሚመጣው ወደ እኔ ነው። በቤታችን ስለ ኮምፒዩተር ነገር የምጠየቀው እኔ በመሆኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኩራት ነበረብኝ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ምሽት የሚከተለው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ደረሰኝ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነው፤ «ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ። እኛ በቻይና የኢንተርኔት ስሞችን የምንመዘግብ መሥሪያ ቤት ነን። ዛሬ አንድ ኩባንያ የእናንተን ስም በነጥብ ሲኤን፣ በነጥብ ኤችኬና በነጥብ ኤዥያ እንድንመዘግብለት አመልክቷል። ስናጣራ ስሙ የእናንተ ሆኖ አገኘነው። ይህ ኩባንያ የሥራ ባልደረባችሁ ነውን? ካልሆነ በ7 ቀን ውስጥ አስታውቁን፤ ዝም ካላችሁ ግን ማመልከቻውን እንፈጽማለን።»

ደብዳቤው ገንዘብ አልጠየቀም፤ እንዲያውም የሚያስብልን ይመስል ነበር። እኔም ደነገጥሁ። የአክስቴን የሠላሳ ዓመት ስም እኔ በሠራሁት ድረ ገጽ የተነሣ የማያውቁት ሰው ሊወስደው ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ሌሊት «ይህን ኩባንያ አናውቀውም፤ እባካችሁ ከልክሉልን» ብዬ መለስሁ። በማግሥቱ መልስ መጣ። ተቃውሞአችንን በአክብሮት እንደ ተቀበሉ፣ ነገር ግን ሌላውን ሰው ለመከልከል የሚቻለው እኛ ቀድመን ስሞቹን በራሳችን ያስመዘገብን እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ገለጹልኝ። ዋጋውም ለ5 ዓመት ከ600 ዶላር በላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያ ኩባንያ ነኝ የሚል ሌላ ሰው ራሱ ጻፈልኝ፤ «ስሙን ለመውሰድ ቆርጠናል፤ ማንም አያግደንም» ይላል።

እኔም ለአክስቴ ሳልነግር በአሜሪካ ላለው ልጃቸው ጻፍሁለትና እንዲከፍል ለመንሁት። እርሱም እንደኔው ደንግጦ ካርዱን ካወጣ በኋላ፣ «እማዬ ታውቃለች ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ለማለት አልቻልሁም። ለምን እንዳልነገርኋቸው ሲጠይቀኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አፍሬ ነው። ጥፋቱ የኔ ስለ መሰለኝ፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩን ጨርሼ ልገላገል ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ጧት ወደ ሱቁ ሄድሁ። አክስቴ በርበሬ ሲያስለቅሙ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሦስቱንም ደብዳቤዎች እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «እስቲ የመጀመሪያውን ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት።

«ሌላ ገዢ መጥቷል ነው የሚለው?» አሉ።

«አዎን እትዬ፤ ስሙን ሊወስደው ነው።»

«ያንን ገዢ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«የላከውንስ ሰውዬ ከዚህ በፊት ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ነገ ይለፍብህ፣ ሰው አማክር ብሎሃል? ወይስ ቶሎ በል ነው የሚልህ?»

«ቶሎ በል ነው የሚለው፤ 7 ቀን ሰጥቶኛል።»

በዚህ ጊዜ አክስቴ መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው እየበረታ ሄዶ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እስኪያብሱ ድረስ ሳቁ። «አይ ልጄ! ይህን ሰውዬ እኮ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ በር ሲመላለስ አየው ነበር፤ አሁን እንግሊዝኛ ተምሮ መጣ ማለት ነው!» አሉ። በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶችም ነገሩ ሲገባቸው አብረው ሳቁ። አንደኛዋ፣ «የቻይና ኩባንያ በእትዬ ስም ምን ሊሸጥ ነው? ምጥን ሽሮ?» ስትል ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያም አክስቴ የመርካቶን ዘዴ አስረዱኝ። አንድ የማይረባ ደላላ ወደ ነጋዴው ይመጣና «የማረቆ በርበሬ የጫነ መኪና ገብቷል፤ ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው፤ አንተ ወዳጄ ስለ ሆንህ ብቻ ነው ቀድሜ የነገርሁህ» ይለዋል። ሌላው ሰው ግን የለም። ቢኖርም የደላላው የገዛ ጓደኛ ነው፤ ከበሩ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚጠይቅ መስሎ ይታያል። ሞኙ ነጋዴ በርበሬውን በእጁ ሳያሸው፣ ሳያሸትተው፣ ቀብዱን ያወጣል። አክስቴ ይህን ሲነግሩኝ፣ ደላላ ሁሉ እንዲህ ነው አላሉም፤ በላቡ የሚያድር ሐቀኛ ደላላ በመርካቶ ብዙ ነው። ነገር ግን ሐቀኛው ደላላ ዕቃውን ያሳይሃል፤ አታላዩ ግን ተፎካካሪህን ብቻ ያሳይሃል። ሦስተኛው ደብዳቤ፣ ያ «ቆርጠናል» የሚለው፣ በበሩ ላይ የቆመው ጓደኛ መሆኑ በዚያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ቤት ሄጄ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ባስተያያቸው፣ መሥሪያ ቤቱም ተፎካካሪውም አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ዓይነት ስሕተት ጽፈውት አገኘሁ።

እንግዲህ ከዚህ የተነሣ ነገሩን በደንብ መረመርሁት፤ ያገኘሁትንም ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ስም የሚመዘግብ ድርጅት አንድ ሰው አመልክቶ ሲመጣ፣ ይህን ስም የሚመስል ያለው ማን ነው ብሎ በዓለም ሁሉ እየፈለገ አያስጠነቅቅም። ሥራው ቀድሞ ለመጣ መመዝገብ ነው። ያመለከተ ሰው በእርግጥ ቢኖር ኖሮ ስሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመዘገብለት ነበር፤ 7 ቀን ቁጭ ብሎ የአዲስ አበባን ባለሱቅ ፈቃድ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ደብዳቤው ከመነሻው የማይሆን ነገር ይናገራል። ይህ ዓይነቱ ማታለያ ለእኛ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በብዙ አገር ያሉ ትንንሽና ትልልቅ ነጋዴዎች ከቃሉ እንኳ እምብዛም ያልተለወጠ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ብዙ ዓመት ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው የሱቅህን ስም በቻይና ቅጥያ ቢያስመዘግብ እንኳ፣ አንተ በነጥብ ኮም ያለህን ስም አይነካውም። ስሞቹ ሁለት ናቸው። በቻይና ለማይነግድ ባለሱቅ የሚጎድልበት ነገር የለም። ሰው በተንኰል ስምህን በነጥብ ኮም ወይም በመሰሎቹ ይዞ ቢያስቸግርህ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዚህ የተደነገገ የክርክር መፍቻ ሥርዓት አለ፤ ስሞቹን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት ያወጣው ነው። መድኃኒቱ በየአገሩ ቅጥያ ሁሉ እየዞሩ ስም መግዛት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሌላም ዓይነት አለ፤ እርሱም የክፍያ መጠየቂያ መስሎ የሚመጣው ነው። «ስምህ ጊዜው ሊያልቅ ነው፤ ይህን ያህል ክፈል» ይላል። አርማ አለው፤ ቁጥር አለው፤ የመጨረሻ ቀን አለው። ከግርጌው በደቃቅ ጽሕፈት «ይህ የዕዳ ደብዳቤ አይደለም፤ ለአገልግሎት የቀረበ ግብዣ ነው» የሚል ይገኝበታል። የከፈለ ሰው ስሙን ያሳደሰ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወይ ስሙን ሳያውቅ ወደ ሌላ መዝጋቢ አዛውሮታል፣ ወይም ለማይጠቅም ነገር ከፍሏል። ይህ ነገር ከኢሜይል በፊት በወረቀት ደብዳቤም ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ መንግሥት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዶሜይን ሬጂስትሪ ኦፍ አሜሪካ የተባለውን ድርጅት በዚሁ ምክንያት ፍርድ ቤት አቅርቦታል፤ የእድሳት መጠየቂያ የሚመስል ደብዳቤ እየላከ ደንበኞችን ሳያውቁት ወደ ራሱ ያዛውር ነበር በማለት ነው። እንግዲህ በኢንተርኔት በሠለጠነው አገር ያለውም ሰው ተታሏል፤ የኛ ሰው ብቻ ሞኝ ነው ብሎ የሚመጻደቅ ካለ ይህን ያስብ።

ነገሩ እንዲያውም ከኢንተርኔት በጣም የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ «የስፔን እስረኛ» የሚባል ደብዳቤ በፖስታ ይዞር ነበር፤ በእስር ቤት ያለ ባለጠጋ ነኝ፣ ለማስፈቻ ጥቂት ገንዘብ ብትልክልኝ ከሀብቴ አካፍልሃለሁ የሚል ነው። በዘመናችን ደግሞ «419» የተባለው የማይገኝ ውርስ ተስፋ የሚሰጥ ደብዳቤ ዓለሙን አዳርሷል፤ ስሙን ያገኘው ከናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ቁጥር ነው። እዚሁ መርካቶ የነሐስ ቀለበት ከመንገድ ላይ «ወድቆ አገኘሁ» ብሎ እንደ ወርቅ የሚሸጠው ሰው የነዚህ ሁሉ ወንድም ነው። አንዱ በስግብግብነታችን ይጠቀማል፤ የስም ሻጩ ግን በፍርሃታችን ይጠቀማል። ሁለቱም አንድ ነገር ይጠይቁናል፤ እርሱም ሳናይና ሳናማክር እንድንቸኩል ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ፣ ሁሉንም ደብዳቤ እንደ ውሸት ቆጥሮ መጣል ራሱ ሌላ ስሕተት ነው። ስም በእውነት ጊዜው ያልቃል፤ ሳያሳድሱት ቢቀር በእውነት ለሌላ ሰው ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ መሳቅ የሚችለው ቤቱን ያዘጋጀ ሰው ነው። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የሱቁ ስም በየትኛው መዝጋቢ ድርጅት እንደ ተያዘና የሚያበቃበትን ቀን በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌ፣ በሱቁ ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ አጠገብ ሰቀልሁት። አሁን «ስምህ ነገ ያልቃል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አክስቴ ራሳቸው ቀና ብለው ያዩና «ገና ነው» ይላሉ። የነጥብ ኮም ስም ያለው ሰው መቼ እንደሚያበቃና በማን በኩል እንደ ተመዘገበ በኢንተርኔት በነፃ ፈልጎ ማየት ይችላል። ደብዳቤው እውነተኛ ቢመስልም በውስጡ ያለውን ማያያዣ መጫን አያስፈልግም፤ የራስን መዝጋቢ ድረ ገጽ በራስ እጅ ጽፎ ገብቶ ማየት ይበቃል። ስሙ በነጥብ ኢቲ የተመዘገበ ሰውም ኢትዮ ቴሌኮምን መጠየቅ ይችላል። ቤቱን ያወቀ ሰው የሚያንኳኳውን ሁሉ አይፈራም።

ደግሞም መሳቅ ማለት መልስ መስጠት አይደለም። ከክፍላችን ልጆች አንዳንዶቹ ታሪኬን ሰምተው «ለምን አትሰድበውም? ለምን አታሾፍበትም?» ብለውኛል። እኔ ይህን አልደግፍም። መልስ የሰጠኸው አታላይ፣ ስድብም ቢሆን፣ በዚህ አድራሻ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ነገ ሌላ ደብዳቤ ይልክልሃል። በመርካቶም ቀለበት ሻጩን ተከራክሮ ያሸነፈ የለም፤ ብልኁ ሰው ፈገግ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ደብዳቤውን አይፈለጌ ወደሚባለው ማኅደር መጣል ይበቃል።

አሁን ዋና ወደ ሆነው ሐሳቤ ደርሻለሁ። በዚያ ቅዳሜ አክስቴ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ፊቴን አይተው ማፈሬን አወቁ። ከዚያም በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶች እየሰሙ፣ እርሳቸው ራሳቸው ገና ሱቅ በከፈቱበት ዓመት ከአንድ ሰው ላይ የነሐስ ቀለበት በወርቅ ዋጋ ገዝተው እንደ ነበረ ነገሩኝ። «አንድ ወር ሙሉ ለማንም ሳልናገር አለቀስሁ። አባትህ ሲሰማ እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው። ብናገር ኖሮ ግን ጎረቤቴ በሳምንቱ በዚያው ሰው አትታለልም ነበር» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ አልሳቁም።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አታላዩ ዋና ረዳቱ ኀፍረት ነው። ሰው ተታልሎ ከሆነ ያፍራል፤ ካፈረ ይደብቃል፤ ከደበቀ ደግሞ ያው ደብዳቤ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። እኔም አፍሬ ዝም ባልሁባቸው ሦስት ቀኖች ውስጥ ከ600 ዶላር በላይ ልናጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶን ነበር። «እማዬ ታውቃለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ ባይመጣ ኖሮ ገንዘቡ ሄዶ ነበር። ያ ገንዘብ አክስቴ የአዲሱን ምርት በርበሬ ለሚገዙበት ጊዜ ልጃቸው የሚልክላቸው ነበር።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችንም በቤታችንም «እንዴት ይህን አምነህ?» የሚለውን ቃል ብንተወው መልካም ይመስለኛል። ይህ ቃል አንድም ሰው ከመታለል አላዳነም፤ ብዙ ሰው ግን ዝም አሰኝቷል። በተለይ እኛ ተማሪዎች ወላጆቻችን በስልካቸው «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት አምነው ሲያሳዩን እየሳቅንባቸው እንመልሳቸዋለን። በሚቀጥለው ጊዜ አያሳዩንም፤ የምሥጢር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው ይናገራሉ። ደብዳቤውን እያነበብን አብረናቸው ብንስቅ ግን ሌላ ጊዜም ይዘውልን ይመጣሉ።

አንዳንድ ሰዎች «ሳቅ ምን ይሠራል? እነዚህን ሰዎች ሕግ ይቅጣቸው እንጂ» ይሉ ይሆናል። ሕግ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር አማካይነት ሰውን በሐሰት መረጃ ማታለልን ወንጀል አድርጎታል። ገንዘብ የተወሰደበት ሰው ለፖሊስና ለባንኩ ወዲያውኑ ማመልከት አለበት። ነገር ግን ላኪው በሌላ አገር ሆኖ በሐሰት ስም ሲጽፍ፣ ሕጉ እስኪደርስበት ድረስ ጊዜ ይፈጃል። ሳቅ ግን በዚያው ሰዓት ይደርሳል። የፈራ ሰው ይቸኩላል፤ የሳቀ ሰው ግን ጊዜ አግኝቶ ያስባል። ሳቅን የማወድሰው ቀልድ ስለምወድ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጥቅሙ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለመምህራኖቻችን ላቀርብ እወዳለሁ። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ጉዳይ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ፣ ተማሪዎች ለቤተ ሰቦቻቸው የደረሰውን የማታለያ ደብዳቤ ወይም መልእክት የሰው ስም ሳይጠሩ ቢያነቡልን፣ ውሸቱም የቱ ጋ እንደ ሆነ ቢያሳዩን፣ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል። እንግሊዝኛችንም ይሻሻልበታል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ እኔ ራሴ አነባለሁ።

መርካቶ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ሲዛወር የተመሠረተ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ ሰፈር ስንት ዓይነት ሻጭና ስንት ዓይነት አታላይ አልፏል! እናቶቻችንና አባቶቻችን ከዚህ ሁሉ የተማሩት ጥበብ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ እኛ ግን ኮምፒዩተር ስለ ነካን ብቻ ከእነርሱ የምንማረው ያለቀ ይመስለናል። እኔ ደብዳቤውን ማንበብ እችል ነበር፤ ላኪውን ያወቁት ግን አክስቴ ናቸው። ሁለታችን አንድ ላይ ስንቀመጥ ብቻ ነው ነገሩ የተፈታው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ያንን ስም በቻይና ቅጥያ ፈልጌ አየሁት። ስምንት ወር ሙሉ ማንም አልወሰደውም። ያ «ቆርጠናል» ያለው ኩባንያ እስከ ዛሬ አልመጣም። ይህን ለአክስቴ ብነግራቸው፣ «ምናልባት መንገድ ላይ ቀለበት አግኝቶ ይሆናል» አሉኝ።